የአምስት ሰዓት ከሃያ ቀጠሮ

ሄራን ጎሳዬ ሠላሳ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ተራ ውስጥ በስምሪት ሠራተኛነት ያገለገለች ሴት ናት። ድምፅ ማጉያው በሚበላሽባቸው ቀናት ማንም አይቸገርም ነበር፤ እሷ በረንዳው ላይ ወጥታ "የጂማ! የጂማ ተሳፋሪ!" ስትል ከግቢው ውጭ ያለው ሰው ሳይቀር ሻንጣውን ያነሣል። ጡረታ ከወጣች ሦስት ዓመቷ ነው። ይህ ነገር በደረሰ ዕለት፣ ቅዳሜ ሚያዝያ 16 ቀን 2086 ዓ.ም.፣ ዕድሜዋ ስድሳ አንድ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ናሆም በስድስት ዓመት ይበልጣታል። የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ታክሲ ውስጥ እንኳ የሰው ጉልበት እንዳይነካ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ከአራት ወር በፊት የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሞቹ "በጣም ተሳክቷል" አሉ። ዕጢው ስለ ወጣ ነው ተሳክቷል ያሉት። ናሆም ግን ከዚያ ወዲህ ሽንቱ ከመጣበት ሩብ ሰዓት መያዝ ይከብደዋል፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይዞ አያውቅም። በሱሪው ውስጥ የሚያደርገው ነገር ታዞለት ነበር፤ አንድ ቀን ለበሰው፣ ማታ አውልቆ ጣለው፣ ስለ እሱም ሁለተኛ አላነሣም። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ተወ። ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶም፣ የድሮ ተማሪዎቹ ሠርግም ቀረ።

አንድ ቀን ሄራን ልትጠይቀው ሄዳ ሳለ "በሰቃን አይቼ ብሞት ደስ ይለኛል" አላት። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ሁለቱም መተሐራ ነው የተወለዱት። በሰቃ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሰፈሮቹን አንድ በአንድ ሲወስድ የእነሱ ተራ የደረሰው ሄራን አሥራ አራት ዓመቷ፣ ናሆም ሃያ ዓመቱ ሳለ ነው። ቤተሰቡ አዲስ አበባ ገባ። ሐይቁም መስፋቱን ቀጠለ። በዳርቻው ላይ በኋላ "ሰማያዊ ዳርቻ" የሚባል የመዝናኛ ከተማ ተሠራ፤ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ከሩቅ የመጣ ነጭ አሸዋ ፈሰሰበት፤ ዘንባባ ተተከለ፤ አሥራ አንድ ሆቴሎች ቆሙ።

"እንሄዳለን" አለችው ሄራን። "ቅዳሜ የቀን ጎብኚ አውቶቡስ አለ።"

"ሄሩ፣ እኔ አሁን..."

"አውቃለሁ። እኔ አለሁ። ከተማ ሙሉ ሰው የሚዝናናበት ቦታ ሽንት ቤት አይጠፋም። ይኼን ለእኔ ተወው።"

ይህን ቃል የሰጠችው እሷ ናት። በኋላ ያናደዳትም ግማሹ ይኸው ነው።

በማመልከቻው ቅጽ ላይ ከስምና ከትውልድ ዘመን ቀጥሎ "የእፎይታ ሰዓትዎን ይምረጡ" የሚል መስመር ነበር። በሰማያዊ ዳርቻ ሽንት ቤት የሚል ጽሑፍ የለም፤ የእፎይታ ክፍል ነው የሚባለው። ሆቴል ለሚያድር ሰው በፈለገ ሰዓት ይከፈትለታል። የቀን ጎብኚ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለአራት ደቂቃ ይፈቀድለታል። ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁለት ጊዜ። ሄራን ለናሆም አምስት ሰዓት ከሃያን፣ ለራሷ ስምንት ሰዓት ከአርባን መረጠች።

"የእኔንም አንተ ትገባበታለህ" አለችው።

"አንቺስ?"

"እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ለሴት ሽንት ቤት በሌለው ግቢ የሠራሁ ነኝ ጋሼ። መያዝ ሙያዬ ነው።"

ናሆም ከዓርብ ማታ ጀምሮ ውኃ አልጠጣም። ቅዳሜ ጠዋት አዳማ ሲደርሱ ነዳጅ ማደያ ወርዶ ተጠቀመ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ አውቶቡሱ አርባ አራት ሰው ይዞ በከተማዋ በር ገባ። ሁሉም መዳፋቸውን እያስነኩ፣ "የቀን ጎብኚ" የሚል ብጫ ምልክት በእጃቸው አንጓ ላይ እየበራ አለፉ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ናሆም ዳርቻው ላይ ቆሞ የፈንታሌን ተራራ ጫፍ አየ፤ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ተመለሰ፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ዘረጋ።

"ቤታችን ያ ነጭ ጀልባ የቆመበት አካባቢ ነው" አለ። "ትንሽ ወዲህ። የእማዬ ሎሚ ዛፍ እዚያ ጋ።"

ሄራን ጀልባዋን አየቻት። ሁለት ወጣቶች ተጋድመውባት ፎቶ ይነሣሉ። ናሆም ረጅም ጊዜ ቆመ። ፈገግ ብሎም ነበር። ከአራት ወር ወዲህ ሲስቅ አላየችውም።

ከተማዋ ንጹሕ ናት። አጥር ጥግ የሚባል ነገር የላትም። ቁጥቋጦዎቹ ከጉልበት በታች ይከረከማሉ። የእግረኛው መንገድ እርጥበት ያውቃል፤ ልጅ ጭማቂ ቢያፈስ እንኳ ድንጋዩ ቀይ ይሆንና ግራጫ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ይመጣል። ሰዎች ሲተዋወቁ "ከየት መጣችሁ?" ከማለታቸው በፊት "ስንት ሰዓት ላይ ናችሁ?" ይባባላሉ። አንዲት እናት ልጇን በብብቷ አንጠልጥላ "ያዝ፣ ያዝ የኔ ጌታ፣ ስድስት ደቂቃ ብቻ" እያለች ሮጠች። ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ሰውዬ የጎረሰውን ሳይውጥ ብድግ ብሎ ወጣ። ማንም ዞሮ አላየውም። ሁሉም ይህን ለምደውታል።

ወንድምና እህት በአምስት ሰዓት ከአሥር በደቡቡ የእፎይታ ክፍል በር ላይ ነበሩ። ከፊታቸው ሦስት ሰው፣ ከኋላቸው ቆብ ያደረገ አንድ ሰውዬ። በአውቶቡሱ አብሯቸው የመጣ ነው። በሩ እጀታ የለውም። የሚያናግረው የሴት ድምፅ ነው፤ ጣፋጭ ድምፅ።

"እንኳን ደህና መጡ። መዳፍዎን ያሳርፉ።"

ሦስቱም በየተራቸው ገብተው ወጡ። አምስት ሰዓት ከሃያ ሆነ። ናሆም መዳፉን አሳረፈ።

"ሲስተም የለም" አለ ድምፁ። "በትዕግስት ስለሚጠብቁን እናመሰግናለን።"

ናሆም እጁን በሱሪው ላይ ጠርጎ እንደገና አሳረፈ። ሲስተም የለም። ሄራን የራሷን መዳፍ አሳረፈች። ሲስተም የለም። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ናሆም ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውር ጀመር።

"መጣብህ?"

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

አምስት ሰዓት ከሃያ አራት ላይ በሩ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። "የናሆም ጎሳዬ ቀጠሮ አልፏል። ስላልተገለገሉ እናዝናለን። ቀጣይ ተገልጋይ፣ እንኳን ደህና መጡ።"

"እንዴት ነው የሚያልፈው?" አለች ሄራን። "እዚሁ ቆመን? አፍንጫሽ ሥር ቆመን?" ለበር መናገሯን ታውቃለች። ድምጿ ግን ወጥቶ ነበር።

ግራጫ ልብስ የለበሰች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ከጎን ፈጥና መጣች። ደረቷ ላይ "አስተባባሪ ቦንቱ" ይላል።

"እህቴ፣ በፈጠረሽ ቀስ በይ። ጩኸት ከሰማ ለአሥር ደቂቃ ይዘጋል። ለሁሉም ነው የሚዘጋው።"

ሄራን ከንፈሯን ነከሰች። በሕይወቷ ሙሉ እንጀራዋ የነበረውን ድምፅ ዋጠችው። ወደ ባለ ቆቡ ሰውዬ ዞራ በሹክሹክታ ለመነችው፤ "ወንድሜ፣ ታሟል። ተራህን ልቀቅለት።"

"እኔ ብለቀው በሩ ይለቀዋል?" አለ ሰውዬው። ናሆምን አየው። የናሆም ግንባር ላይ ላብ ተሰልፏል። ሰውዬው ተነፈሰና መዳፉን አሳረፈ፤ በሩ ተከፈተ፤ ገለል ብሎ ናሆምን አሳለፈው። ናሆም አንድ እግሩን አስገባ።

"የቀጠሮው ባለቤት አይደሉም" አለ ጣፋጩ ድምፅ። "እባክዎ ይውጡ። የዚህ ቀጠሮ አገልግሎት ተሰርዟል።"

በሩ ተዘጋ። ሰውዬው መዳፉን ደጋግሞ በሩ ላይ ደበደበ። ቀጠሮው አልፏል። "አያችሁ?" አለ ወደ ሄራን ዞሮ፤ ፊቱ ቀልቷል። "አያችሁ ምን እንዳደረጋችሁኝ?" ሰውዬው እየተራገመ ሄደ።

ቦንቱ ዙሪያዋን ቃኘችና ወደ ሄራን ጆሮ ተጠጋች። "ሦስተኛው ሆቴል፣ በስተኋላ የዕቃ መግቢያ አለ። ዘበኛው ደህና ሰው ከሆነ... እኔ አልነገርኩሽም።"

"እናንተ ሠራተኞቹ የት ነው የምትገቡት?"

"ቀጠሮ ለእኛ አይሰጥም።" ቦንቱ ልብሷን በወገቧ በኩል ነካ አደረገች። "ጨርቅ እናስራለን። እንደ ሕፃን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ።" ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። የአየር ሁኔታ የምትናገር ትመስል ነበር።

ሦስተኛው ሆቴል ስምንት መቶ ሜትር ይርቃል። ናሆም በአጭር በአጭር እርምጃ ሄደ፤ በየመቶ እርምጃው እየቆመ። "ትንሽ ነው ጋሼ፤ ያ ነው፤ አየኸው?" እያለች ክንዱን ደገፈችው። ዘበኛው የእጃቸውን ብጫ ምልክት ገና ከሩቅ አየ።

"አዳሪ ናችሁ?"

"ሰው ነን" አለች ሄራን።

"ለአዳሪ ብቻ ነው።"

"ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ አባትህ ይሆናል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ሁለት ደቂቃ። እኔን እዚህ እሰረኝ፤ እሱ ሲወጣ ፍታኝ።"

"እናቴ፣ ባስገባው የሚሰማው ወለሉ ነው። እኔ ነኝ የምባረረው።"

ናሆም ክንዷን ሳበ። "ሄሩ። እንሂድ። ልጁን አታስጨንቂው።" ድምፁ የእሱ አይመስልም፤ ቀጭን ሆኗል። "ወደ ውኃው ውሰጂኝ። ውኃ ውስጥ ገብቼ ልቁም።"

ወደ ሐይቁ ወረዱ። ውኃው ዳር በወገብ ልክ የብረት አጥር አለ፤ መግቢያው ላይ "የመታጠቢያ ሰዓት፦ አዳሪዎች ከ3 እስከ 11፤ የቀን ጎብኚዎች ከ9 እስከ 9:30" ይላል። ናሆም መዳፉን በመግቢያው ላይ አሳረፈ። ብጫው ምልክት ቀላ። ውኃው ከጫማው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ይንቦጫቦጫል። አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደገፈ።

ስድስት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ነበር።

መጀመሪያ ያወቀው ድንጋዩ ነው። ከናሆም እግር ሥር ያለው ንጣፍ ቀላ፤ ቀጥሎ የጎኑ፤ ቀጥሎ ወደ አሸዋው በኩል ያለው። በአካባቢው የነበሩት ሰዎች እንደ ልማዳቸው ራቅ አሉ። ናሆም አልዞረም። ሄራን ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ በወገቡ ጠመጠመችለት፤ ሁለት ጊዜ አዙራ ቋጠረችው።

"አይዞህ ጋሼ። አይዞህ። ምንም አይደል። ሽንት ነው።"

ከዳርቻው መሐል ላይ አምስት ፎቅ የሚያህል ሰሌዳ አለ። ቀኑን ሙሉ የጀልባና የፀሐይ ሥዕል ነው የሚያሳየው። አሁን የናሆምን ፊት አሳየ፤ ግንባሩ ላይ የአጥሩ ብረት ምልክት አለ። ከሥሩ፦ "ናሆም ጎሳዬ። የቀን ጎብኚ። የጋራ ዳርቻችንን ንጽሕና አጉድለዋል።"

ከሰዎቹ መሐል አንድ የጎልማሳ ድምፅ፣ ግራ የተጋባ ድምፅ፣ "መምህር?" አለ። "መምህር ናሆም አይደሉም?"

ናሆም ሰምቷል። ሄራን መስማቱን ከአንገቱ አወቀች። ያን ጊዜ ነው ውስጧ የነበረው ነገር የተለወጠው። እስከዚያች ደቂቃ ተናድዳ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነችውን ግን እሷም ስም አልሰጠችውም። መጮኽም አላማራትም።

ሁለት ጥበቃዎች መጥተው በትሕትና ወደ "ተገልጋይ ሥነ ምግባር ክፍል" ወሰዷቸው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ኤልዳድ ይባላል፤ ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ አነጋገሩ የተመረጠ። ወንበር ሰጣቸው። የናሆም ወንበር ላይ ቀድሞ ፕላስቲክ ተነጥፎበት ነበር።

"በመጀመሪያ በደረሰው ነገር እናዝናለን" አለ። "ነገሩ ቀላል ነው። አባባ እዚህ ላይ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፣ ምስላቸው ወዲያው ይወርዳል። ካላሳረፉ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቆያል።"

ሄራን ቅጹን አነበበችው። "'የዳርቻውን ንጽሕና አውቄና ፈቅጄ ያጎደልኩ መሆኔን አምናለሁ።' ፈቅጄ?"

"ቅጹ ያለው አንድ ነው እናቴ።"

"አምስት ሰዓት ከሃያ ቀጠሮ ነበረው። በራችሁ ሲስተም የለም አለ።"

"አዎ፣ አይቼዋለሁ። የሲስተም መቋረጥ አጋጥሟል።" ኤልዳድ ይህን ሲል በእውነትም ያዘነ ይመስል ነበር። "ነገር ግን የሲስተሙ ጉዳይ ሌላ ክፍል ነው። እዚህ የሚታየው መንገዱ ላይ የደረሰው ነው።"

"እሺ የሲስተሙ ክፍል የት ነው?"

"በቀጠሮ ነው።"

ናሆም መዳፉን አነሣ። "ላሳርፍ ሄሩ። ይለቀን። ወደ ቤቴ ልሂድ።"

ሄራን እጁን ያዘችው። በዚያው ቅጽበት ከኤልዳድ ወንበር በስተኋላ ያለውን በር አየች። ቡናማ፣ ተራ የእንጨት በር ነው። የብረት እጀታ አለው። ጠዋት ወደዚህች ከተማ ከገባች ወዲህ እጀታ ያለው በር ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ከሥሩ ባለው ክፍተት የነጭ ሸክላ ወለል ይታያል።

"ያ ምንድን ነው?"

"የቢሮው ነው። የእኛ።"

ሄራን ተነሣች። ጥበቃዎቹ ልብሷን ልታስተካክል መስሏቸው ነበር። በኤልዳድ ወንበር በኩል አለፈች፣ እጀታውን ጫነች፣ ገባች፣ ዘጋች። ከውስጥ የብረት መወርወሪያ ነበረው። ወረወረችው።

ክፍሏ ሰፊ ናት። ነጭ ፎጣ ተሰቅሏል፤ መስኮቷ ወደ ሐይቁ ነው፤ ከመስኮቷ ሰሌዳው፣ ሰሌዳው ላይ ወንድሟ ይታያል። ሄራን የመቀመጫውን ክዳን ገጠመችና ተቀመጠችበት።

"እናቴ!" ኤልዳድ በሩን መታ። "እናቴ፣ ይኼ ትክክል አይደለም። ይውጡ።"

"የወንድሜን ፊት አውርድ" አለች። ድምጿን ከፍ ማድረግ አላስፈለጋትም። "አንተ ታወርዳለህ፤ እኔ እወጣለሁ።"

"ቅጹ ሳይሞላ አላወርድም። አልችልም።"

"እንግዲያው እኔም አልችልም።"

አንደኛው ጥበቃ በትከሻው ገፋው፤ በሩ ጠንካራ ነው። ሰብሮ ለመግባት የጥገና ክፍል ያስፈልጋል። ኤልዳድ ወደ ጥገና ክፍል ጠየቀ። የጥገና ክፍል በጥሩ ድምፅ መለሰለት፤ የቅርብ ቀጠሮ ማክሰኞ አራት ሰዓት ነው። አስቸኳይ ካለ አስቸኳይ መሆኑ በሲስተም ይረጋገጥ፤ ሲስተም የለም።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል ሆነ። የምሳ ሰዓት አልፎ የቢሮው ሰዎች ተመለሱ፤ አራት ናቸው፤ አንድ በአንድ ወደ ቡናማው በር እየመጡ እጀታውን እየሞከሩ ሄዱ። ማን እንዳለ ሲሰሙ ወደ ናሆም፣ ከዚያም ወደ ነጠላው ያያሉ። ቦንቱም መጣች። ስለ ጠዋቱ ጩኸት ቃሏን እንድትሰጥ ተጠርታ ነው። ግድግዳው ጥግ ቆመች።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ኤልዳድ መቀመጥ ተወ። ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ።

"የውጭውን አይሞክሩም?" አለች ቦንቱ በዝግታ።

"ለሠራተኛ አይከፍትም። ታውቂ የለም እንዴ?"

"አውቃለሁ።"

ኤልዳድ ወደ ናሆም ጎንበስ አለ። "አባባ፣ እባክዎ እህትዎን ይለምኑልኝ።"

ናሆም ከገባ ጀምሮ ከወለሉ ላይ ዓይኑን አላነሣም ነበር። አሁን ቀና ብሎ አየው። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያቆመውን ተማሪ እንደሚያይ አየው።

"ከመጣብህ ስንት ደቂቃ ሆነህ?"

"ምን?"

"ሽንትህ። ስንት ደቂቃ ሆነህ?"

ኤልዳድ ወደ ጥበቃዎቹ ዞረ፤ ጥበቃዎቹ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዩ ነበር። "ወደ... ሃያ።"

"እኔ አርባ ሦስት ነበርኩ" አለ ናሆም። "ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ሆዴ ተቀድዷል። በየደቂቃው እቆጥር ነበር። ቀጠሮም ነበረኝ። አንተ ቀጠሮ አለህ?"

ኤልዳድ ቡናማውን በር አየ።

"ሃያ ደቂቃ ገና ነው። ልብህ መምታት የሚጀምረው ሠላሳ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው አይታይህም፤ የምታየው መሬቱን ብቻ ነው። ያኔ አንድ የምታውቀው ልጅ፣ ካርታ መሳል ያስተማርከው ልጅ፣ በስምህ ይጠራሃል።" ነጠላውን በወገቡ ላይ ጠበቅ አደረገ። "እህቴን አልለምንልህም። ከፈለግህ አንተም ተቀመጥ። ፕላስቲኩን ልልቀቅልህ።"

ከበሩ ጀርባ ሄራን ሁሉንም ሰምታለች። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

ኤልዳድ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ መዳፉን አሳረፈ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ጠረጴዛው ምስሉን የሚያወርደውን ሰው ስም ጠየቀው፤ የራሱን ሰጠ። ምክንያት ጠየቀው፤ አንድ ቃል ጻፈ፣ "ሽንት"። ሰሌዳው ላይ ጀልባ መጣ።

"ጋሼ!" አለች ሄራን ከውስጥ። "እኔ ከዚህ አየዋለሁ። አንተም አየኸው?"

"ወርዷል" አለ ናሆም።

መወርወሪያው ተሳበ። ሄራን ወጣች። ኤልዳድ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሲራመድ ግራጫ ልብስ በፊቱ አለፈ። ቦንቱ ናት። ሳትሮጥ፣ ማንንም ሳታይ ገባችና ዘጋች። መወርወሪያው ተመልሶ ሲወረወር ሁሉም ሰማው።

ሄራንና ናሆም ሰማያዊ ዳርቻን ዳግመኛ እንዳይረግጡ ተወሰነባቸው፤ የሄራን የስምንት ሰዓት ከአርባ ቀጠሮም አብሮ ተሰረዘ። ውሳኔው ለዕድሜ ልክ ነው፤ በሩ ላይ ሲወጡ በጣፋጩ ድምፅ ተነበበላቸው። ቦንቱ ምን እንደ ደረሰባት አላወቁም። ሄራን በኋላ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፋ ጠይቃለች፤ የተሰጣት መልስ የቀጠሮ ቁጥር ነው።

አውቶቡሱ አሥር ሰዓት ላይ ተነሣ። ሰሌዳውን ሁሉም አይተውታል። ናሆም በመስኮቱ በኩል፣ ነጠላውን እንደ ታጠቀ ተቀምጧል። ከኋላቸው ያለው ወሬ በሹክሹክታ ነበር፤ ቀጥሎ እሱም ቆመ። የከተማዋን በር አልፈው ጥቁሩ ድንጋይና የግራሩ ቁጥቋጦ ሲጀምር፣ በእያንዳንዱ እጅ ላይ የነበረው ብጫ ምልክት ጠፋ።

"ወራጅ አለ!"

የጮኸው ባለ ቆቡ ሰውዬ ነው። ቀጠሮው ከተሰረዘበት ወዲህ የትም እንዳልገባ ሲራገም ሁሉም ሰምቶታል።

"እዚህ ማቆም ክልክል ነው" አለ ሾፌሩ።

"ወራጅ አለ!" አለች አንዲት ሴት ከኋላ። "ወራጅ አለ!" አሉ ሌሎች። ሾፌሩ በመስታወቱ አየና ወደ ዳር ያዘ። ሰዉ እየተጋፋ ወረደ፤ ማንም ሳያዛቸው ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ ሆኑ። ባለ ቆቡ በሄራን በኩል ሲያልፍ ቆም አለ። የናሆምን ትከሻ ያዝ አድርጎ ወረደ።

ናሆም ከመቀመጫው አልተነሣም።

"አትወርድም ጋሼ?"

"እኔ የለኝም" አለ በደረቁ። ከዚያ ዞሮ አያት። "አንቺስ? እዚያ ውስጥ ሁለት ሰዓት ስትቀመጪ..."

ሄራን አሰበች። "ክዳኑ ላይ ነው የተቀመጥኩት።"

"ከጠዋት ጀምሮ?"

"ተናድጄ ረሳሁት።"

"ውረጂ" አላት። "ውረጂ እንጂ!"

ወረደች። ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ገባ ብላ፣ አንዲት ግራር ጀርባ ቁጢጥ አለች። ሽንቷ እምቢ አላት። እጆቿን አየች፤ ሁለቱም ተጨብጠዋል። ለመዘርጋት ሞከረች፤ መልሰው ተጨበጡ። ከቁጥቋጦው ወዲያ ሴቶቹ ጨርሰው ልብሳቸውን እያራገፉ ሲመለሱ፣ አንድ ሁለቱ ሲስቁ ሰማች። ሁሉም ወጡ። እሷ ብቻ ቀረች።

"እትዬ፣ ምን ሆኑ?" አለች አንዷ ከሩቅ።

"እየመጣሁ ነው" አለች ሄራን። ሽንቷ ግን አልመጣም። የሰሌዳው ፊት፣ "መምህር?" ያለው ድምፅ፣ ፕላስቲኩ፣ ሁሉም ከፊቷ አልሄድ አላት። አፈሩን በተጨበጠ እጇ መታችው፤ ደጋግማ መታችው። እንባዋ ቀደመ። ሌላውም ከዚያ በኋላ መጣ።

ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቃት።